በጥላሸት ላይ የተሣለ ሞገድ

ጫኔ ባሌ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ የምለውን ሁሉ በዚያ ልክ እንዲመዝነው ነው። ስሜ ትርፌ ነው፤ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ወረቀት በቀንና በቁጥር ሳስቀምጥ ኖሬአለሁ። ስለ እሱም ስጽፍ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

የተወለደው ቢቸና አጠገብ በ1945 ዓ.ም. ነው። እናቱ «ጤፍ ሲወቃ» ይሉ ነበር እንጂ ቀኑን የጻፈው የለም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ እሱ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ፣ እኔ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነበርን። ከዘመቻ መልስ እኔ ትምህርቴን ቀጠልሁ፤ እሱ ሁለት ዓመት ታሰረ። ለምን እንደ ታሰረ የሚገልጽ ወረቀት ፈልጌ አላገኘሁም፤ እሱም አልነገረኝም። ሲፈታ የአንድ ዓመት የላቦራቶሪ ሥልጠና ወሰደና በጥቅምት 1971 ዓ.ም. አሰብ ተመደበ። ተከትዬው መጣሁ፤ እዚያው ክሊኒክ መዝገብ ቤት ገባሁ። ልጅ አልወለድንም።

ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የቀረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ሌላው ሰው የጤፍ ዋጋ ሲጠይቅ እሱ ስለ አንድ ዛፍ ይጠይቅ ነበር። በባዮሎጂ ላቦራቶሪው መስኮት በኩል፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት የቆመ የጽድ ዛፍ ነው። «አልተቆረጠም?» ይላል። አብዛኛው ሰው የትኛውን ዛፍ እንደሚል እንኳ አያውቅም። «ኧረ አለ» ይሉታል።

«አላዩትም እኮ» እለዋለሁ እንግዳው ሲሄድ።

«አለ ካሉ አለ ነው» ይለኛል።

የክሊኒካችን ላቦራቶሪ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ማጠቢያ፣ አንድ እየተንገጫገጨ የሚሠራ ኤር ኮንዲሽነር። ጫኔ እዚያ ከሁሉ በላይ የመረመረው ሰገራ ነው። ሰገራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የወደደው ደግሞ ወስፋት ነው። ወደደው ማለቴ ትክክለኛው ቃል ስለ ሆነ ነው።

አሰብ ወስፋት አታበቅልም። የትሉ እንቁላል ከሰው ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ለመያዝ እርጥበትና ጥላ ያለው አፈር ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት። እዚህ ያለው አሸዋ ነው፤ ፀሐዩ እንቁላሉን አድርቆ ይገድለዋል። ስለዚህ አሰብ ውስጥ ወስፋት ያለበት ሰው ከሌላ አገር ይዞት የመጣ ነው። ትሉም ቢበዛ ሁለት ዓመት ቢኖር ነው። ጫኔ ይህን ለራሱ በደብተር አረጋግጧል። ወስፋት የተገኘበትን ሰው ሁሉ ከየት እንደ መጣና አሰብ ከገባ ስንት ወሩ እንደ ሆነ ይጠይቅና ይጽፍ ነበር። ለነዳጅ ማጣሪያው ሥራ የመጣ የሐዲያ ሰው፣ ለወደቡ የመጣ የጎንደር ሰው፣ የመምህር ሚስት ከነልጆቿ። ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አሰብ ከገባ ሃያ ሁለት ወር ያለፈው አንድም የለም።

«ሆዳቸው ውስጥ ያለው ያገራቸው አፈር ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ሲያልቅ የአሰብ ሰው ይሆናሉ።»

«ያንተ መቼ አለቀ?»

«የኔማ እስር ቤት ነው ያለቀው» አለና ሳቀ። ስለ እስሩ ከነገረኝ ሁሉ ይህ ነው።

ለሕመምተኞቹ የሚሰጠው መድኃኒት ፒፔራዚን የሚባል ሽሮፕ ነበር። መድኃኒቱ ወስፋቱን አይገድለውም፤ ያላላዋል እንጂ። ትሉ እንደ ረጠበ የጫማ ማሰሪያ ሆኖ ይወጣል። ጫኔ ግን ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ደጋግሞ ሲያጥበው ከሰዓታት በኋላ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር አየ። ወስፋት በጎኑ ተኝቶ ነው የሚሄደው። የጀርባው ጡንቻ ሲኮማተር የሆዱ ይላላል፤ ቀጥሎ ይለዋወጣሉ፤ ከራሱ እስከ ጭራው ሞገድ ይወርዳል። ይህን ለማየት ምሳውን ትቶ የሚቆምበት ቀን ነበር። የሞቱትን ራስ እየቆረጠ አልኮል ባለበት ማሰሮ መሳይ ጠርሙስ ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «መጣል አልቻልኩም» ይል ነበር።

በኅዳር 1982 ዓ.ም. ከክንፈ ደብዳቤ መጣ። ክንፈ የጫኔ የክፍል ጓደኛ ነው፤ እሱ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ውጭ አገር ተምሮ፣ ተመልሶ እዚያው ዲፓርትመንት ያስተምራል። ከደብዳቤው ጋር ከውጭ መጽሔት የተባዛ ጽሑፍ ነበረ። ጫኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነበው ቆየና በአራተኛው ቀን እራት ላይ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ።

«እስካሁን የምናውቀው ነርቡ ለጡንቻው ሁለት ቃል እንዳለው ነው። ‹ጨብጥ› እና ‹ልቀቅ›። ጨብጥ የሚለው አሴቲልኮሊን ነው፣ ልቀቅ የሚለው ጋባ። ሽሮፓችን ልቀቅን አስመስሎ ይናገራል። ትሉ ይሰማዋል፣ ይላላል፣ አንጀቱ ይዞት ይወርዳል።»

«እሺ።»

«አሁን ሦስተኛ ተገኘ። አጭር ሰንሰለት ናት፤ ኒውሮፔፕታይድ ይሏታል። ከወስፋት ራስ ነው ያወጧት። ሰባት አሚኖ አሲድ ብቻ፣ ትርፌ! ሰባት! እሷ ጨብጥም ልቀቅም አትልም። ሬዲዮ ላይ ድምፁን ከፍ ዝቅ እንደምታደርገው ቁልፍ ናት፤ ሌሎቹ ቃላት እንዴት እንደሚሰሙ የምትወስን። በሕይወት ያለ ትል ውስጥ ሲያስገቧት ሞገዱ ቆመ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። ሞገዱ ብቻ ነው የቆመው።»

ከዚያ ሹካውን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የምጽፈው። «በኛ ሰውነት ነርቡ ወደ ጡንቻው ይሄዳል። በወስፋት ግን እንደዚያ አይደለም። ጡንቻው ራሱ ክንድ አውጥቶ ወደ ነርቡ ይዘረጋል። ቃሉን ሊሰማ ይሄዳል።»

የክንፈ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ዋናው ነገር ነበረ። ዲፓርትመንቱ አንድ የላቦራቶሪ ረዳት ይፈልጋል። የሚቀጠረው ሰው በጎን የቀረውን ትምህርት መጨረስ ይችላል። ኮሚቴው ግን አሥራ አምስት ዓመት ከትምህርት የራቀን ሰው በስም ብቻ አይቀበልም፤ የሚያሳየው ነገር ያስፈልጋል። «ያጠራቀምሃቸው ራሶች አሉ» ይላል ክንፈ። «ጭማቂያቸውን አውጣ። በሕይወት ያለ ጡንቻ ላይ ጨምረህ ሞገዱ ሲቆም በጥላሸት ወረቀት ላይ አሥለህ ላክልኝ። ነገር ግን በጭማቂው ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ያቆመችው ሰንሰለቷ መሆኗን በምን ታረጋግጣለህ? እሱንም አስብበት። እስከ ሐምሌ አጋማሽ አድርሰኝ። መልቀቂያህን ደግሞ ከመሥሪያ ቤትህ ጠይቅ።»

ጫኔ የሚፈልገው ይህን ነበር፤ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አላውቅም።

መሣሪያውን ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ራሱ ሠራ። አንድ የደወል ሰዓት ፈትቶ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያዞር አደረገው። ጣሳው ላይ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቀለለና በኩራዝ ጭስ አጠቆረው። ከወስፋቱ ገላ የጣት ቁመት ያህል ቆርጦ፣ አንጀቱን አውጥቶ፣ በሁለቱም ጫፍ ክር ያስርበታል። አንዱ ክር ብርጭቆ ውስጥ ካለ መንጠቆ፣ ሌላው ጫፉ ከተሾለ የስንደዶ ዘንግ ጋር ይያያዛል። ጡንቻው ሲኮማተር ዘንጉ ከፍ ይልና ጥላሸቱን ይጭራል፤ ሲላላ ይወርዳል። ጥቁሩ ላይ ነጭ መሥመር ይቀራል። ጡንቻው በጤናው ከሆነ መሥመሩ ሞገድ መሆን ነበረበት።

አልሆነም። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ሰባት ወስፋት ሞከረ፤ ሰባቱም ቀጥ ያለ መሥመር ሣሉ። የሚጠቀምበት ውሃ አንድ እጅ የባሕር ውሃ፣ ሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ ነበር፤ ለዚህ ትል የሚስማማው ልክ ይህ መሆኑን ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቃል። የባሕሩን ውሃ ከነዳጅ ማጣሪያው ርቆ፣ ወደ በይሉል መንደር በሚወስደው መንገድ በኩል ዘይት ከማይደርስበት ያስመጣ ነበር። በሁሉ ነገር ጠንቃቃ ነበር።

«እጄ ነው» አለኝ በሚያዝያ። «ረስቷል። አሥራ አምስት ዓመት እኮ ነው።» እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር።

በዚህ መካከል በየካቲት ምጽዋ ተያዘች። መርከቡ ሁሉ ወደኛ ዞረ፤ ቤተሰብ ይዞ ወደ አሰብ የሚመጣ ሠራተኛ ግን ቀረ። በሱ ደብተር መጋቢት ላይ ሁለት ሰው አለ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ፣ ግንቦት ባዶ ነው።

ሰኔ 10 ቀን አመለወርቅ መጣች። በየካቲት ከደጀን በምትክ የተመደበች የሂሳብ መምህርት ናት፤ ሆዷን ይቆርጣት ነበር። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ከላቦራቶሪው በር ትይዩ ስለ ሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጫኔ ማይክሮስኮፑን አይቶ እየሳቀ ወጣ።

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«ምን ሆንኩ?»

«ወስፋት አለብሽ።»

«ጋሼ፣ በኛ አገር ለዚህ እንኳን ደስ አለሽ አይባልም።»

«ሽሮፑን እሰጥሻለሁ። ግን አንድ ልመና አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲወጡ አትጣያቸው። በፔርሙዝ ውሃ እሰጥሻለሁ፣ እዚያ ውስጥ ጨምረሽ አምጪልኝ።»

ልጅቷ አየችውና ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ደህና ናቸው?»

«ባሌ ነው» አልኋት። «ከትል በቀር ደህና ነው።»

በሦስተኛው ቀን ፔርሙዙን በነጠላዋ ሸፍና አመጣች። «ይኸው ሦስት ናቸው። ፔርሙዙን እንዳይመልሱልኝ፤ ስሜንም የትም እንዳይጽፉ።»

ጫኔ አንዱን ወዲያው አሰረው። እሷም ለማየት ቆመች፤ «የራሴ ነው፣ ላየው መብቴ ነው» አለች። ጣሳው እየዞረ ሩብ ሰዓት ሄደ። መሥመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ክፍሉ ይሞቃልና አመለወርቅ ጥግ ካለው የውሃ ማሰሮ ቀድታ ተጎነጨችና ፊቷን አጨማደደች።

«ለወስፋቱ የተበጠበጠውን ነው እንዴ የጠጣሁት?»

«አይደለም፣ የሚጠጣ ነው» አላት ጫኔ። «የቧንቧ ውሃ።»

«እሱማ ያው ነው። አሰብ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ፣ ሻይ እንኳ ጨው ጨው ይለኛል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?»

ጫኔ እጁ ላይ ያለውን ክር ለቀቀ። ብርጭቆውን ከእጇ ወስዶ ቀመሰ። ከዚያ በመስኮቱ ለኔ አቀበለኝ።

«ቅመሺ።»

ቀመስሁ።

«ምን ይላል?»

«ውሃ ነው» አልሁት።

«ለኔም ውሃ ነው» አለ።

አሰብ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ወር ስለ ውሃው ያማርራል። በስድስተኛው ወር ይለምደዋል። በዓመቱ ይረሳዋል። እኛም በ1971 ዓ.ም. አማርረን እንደነበር ማይ ብባል እምላለሁ፤ ትዝ ግን አይለኝም። ጫኔ ሰባት ወር ሙሉ «ሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ» እያለ ሲጨምር የነበረው ይህንን ነው። በጣም ንጹሕ እንዲሆን ሁለት ጊዜ ያፈላው ነበር፤ ሲፈላ ደግሞ ጨውነቱ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። የዚያኑ ቀን አንድ ሊትር በብረት ድስት አትንኖ ታች የቀረውን ነጭ ዱቄት መዘነው። ሦስት ግራም ተኩል ሆነ።

«ጨው ብቻ አይደለም» አለ ዱቄቱን በምላሱ እየነካ። «ማግኒዥየም አለበት፤ እሱ ጡንቻን ያደነዝዛል። እጄ አይደለም፣ ትርፌ።» ሁለት ጊዜ ነው ያለው። «እጄ አይደለም።»

የክሊኒኩ ውሃ ማጣሪያ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጨው የሌለበት ውሃ በአሰብ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ኤር ኮንዲሽነር ከአየሩ እየጨመቀ በውጭ በኩል የሚያንጠባጥበው። ሰው ባልዲ ደቅኖ ለካውያና ለመኪና ባትሪ ያጠራቅመዋል። የላቦራቶሪው ባልዲ የሣህሉ ነበር፤ ሣህሉ የአምቡላንሱ ሹፌር ነው።

«ዶክተር ወስፋት! የባትሪዬን ውሃ ለትል ልታጠጣው?»

«አንድ ሳምንት ብቻ።»

«አምቡላንሱ ባይነሳ ወስፋትህ ይጎትተዋል?»

«ሣህሉ፣ በእናትህ።»

«እናቴን ተዋት። ውሰደው፤ ግን ይሄን ያህል ያሰከረህን ነገር ሳላይ አልቀርም።»

ሰኔ 15 ቀን ሁለተኛውን ወስፋት አሰረ። ውሃው ከኤር ኮንዲሽነሩ ተገኘ፤ አሁን ግን ኤር ኮንዲሽነሩ መጥፋት ነበረበት፤ ጡንቻው የሰው ሆድ ያህል ሙቀት ይፈልጋልና። ሲጠፋ ክፍሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገባ። «ፈረንጅ እንዲህ የሚያሞቅ ሣጥን ሠርቶ በዶላር ነው የሚሸጠው» አለ ጫኔ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። እኔና ሣህሉ በሩ ላይ ቆመን ነበር።

ዘንጉ ተነሳ። ወረደ። እንደገና ተነሳ። ጥቁሩ ላይ አንድ ጉብታ፣ ሌላ ጉብታ፣ ሌላ።

«ይሄ ራስ የለውም እኮ» አለ ሣህሉ።

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያዘው?»

«ነርቡ ቀርቷል።»

«እንደኛ መሥሪያ ቤት ነዋ! ራስ የለውም፣ ይንቀሳቀሳል» አለና ወዲያው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። እኔ ብቻ ነበርሁ።

ጫኔ አልሳቀም፤ አልሰማውም። ሃያ ሦስት ሞገድ ከቆጠረ በኋላ ከራሶቹ ያወጣውን ጭማቂ በመርፌ ጠብታ ጠብታ ጨመረበት። ሞገዱ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። መሥመሩ ተኛ። ዘጠኝ ደቂቃ በዚያው ቆየ። ከዚያ አሮጌውን ውሃ አፍስሶ በአዲስ አጠበው። ከታጠበ በአራተኛው ደቂቃ ዘንጉ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ተነሳ። ጫኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጋዎኑ እጀታ ሸፈነ። እኔም ሣህሉም ወጣን።

ሦስተኛው ወስፋት ለክንፈ ጥያቄ ነበር። ሰንሰለቷ መሆኗን በምን ያረጋግጣል? ጫኔ ያሰበው ጥሬ ፓፓያን ነው። የጥሬ ፓፓያ ወተት ሥጋ ያለሰልሳል፤ የሚያለሰልሰው እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶችን ስለሚቆርጥ ነው። ከተንዳሆ በጭነት መኪና ከሚመጣው ጥሬ ፓፓያ ወተቱን ወስዶ ከጭማቂው ግማሽ ላይ ጨመረና ግማሽ ቀን አስቀመጠው፤ በኋላ ወተቱ ራሱ ጡንቻውን እንዳይነካ አፈላው። ሰኔ 18 ቀን መጀመሪያ የፈላ የፓፓያ ወተት ብቻ ሰጠው፤ ሞገዱ ቀጠለ። ቀጥሎ የተቆረጠውን ጭማቂ ሰጠው፤ ሞገዱ ቀጠለ። በመጨረሻ ያልተቆረጠውን ሰጠው፤ ቆመ። «አረጋገጥሁ አልልም» ብሎ ለክንፈ ጽፏል፤ ቅጂው አለኝ። «ያቆመው ነገር ፓፓያ ሊቆርጠው የሚችል ነው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።» ሁለቱንም ወረቀት አናጢዎች እንጨት በሚቀቡበት ጎመላካ ነክሮ ጥላሸቱ እንዳይለቅ አደረገ።

አሁን የመልቀቂያውን ነገር ልጻፍ።

መልቀቂያ የሚያሰጠውን የዝውውር ጥያቄ ግንቦት 27 ቀን በመስኮቴ አስገብቶ ነበር። ተመለከትሁት። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጎድለዋል። ለማንም እንደማደርገው በቀይ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጎድላል፤ ተመላሽ» ብዬ ፈርሜ መለስሁለት። ሳቀና ወሰደው። የከተማው ፎቶ አንሺ ግን ወረቀት አልነበረውም፤ በዚያ ሰሞን መርከብ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነበር። ወረቀት ሲገባ ጫኔ ሰኔ 18 ቀን ከላቦራቶሪ በቀጥታ ሄዶ ተነሳ፤ ሰኔ 19 ማመልከቻውን አስገባ፤ በዚያው ቀን መዘገብሁት።

ሰኔ 26 ቀን ከበላይ አንድ ሰርኩላር መጣ። በወቅቱ ሁኔታ ምክንያት የጤና ሠራተኞች ዝውውር ላልተወሰነ ጊዜ ታግዷል፤ ከሰኔ 15 ቀን በፊት የተመዘገቡ ጥያቄዎች ብቻ ይታያሉ። ሰርኩላሩን ተቀብዬ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያለ ፎቶግራፍ ተቀብዬው ቢሆን ኖሮ የተመዘገበው ግንቦት 27 ነበር።

ሰርኩላሩን ይዤ ላቦራቶሪ ገባሁ። አነበበው። የማመልከቻህን ቀን ታውቃለህ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ለኔ ብለሽ ተቀብለሽው ቢሆን» አለ፣ «ሌላውን መዝገብሽን ማን ያምነው ነበር?»

ከዚያ በኋላ አላነሣውም። እኔ ግን በየቀኑ አነሣዋለሁ።

ሐምሌ 4 ቀን አመለወርቅ ለክረምት ወደ አገሯ ስትበር የመጀመሪያውን ወረቀት ለክንፈ እንድታደርስ ሰጣት። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘናት። ወረቀቱን በካርቶን ጠቅልሎ ሰጥቷት «አታጥፊው» አላት። ደግሞም «ላቦራቶሪው ስትገቢ» አለ፣ «በመስኮቱ በኩል አንድ የጽድ ዛፍ አለ።»

«ምን ላድርገው?»

«ምንም። እዪው።»

ሁለተኛው ወረቀት፣ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ቢጠፋ ብለን፣ እኔ ዘንድ ቀረ።

በመስከረም ስትመለስ የክንፈን ደብዳቤ አመጣች። ኮሚቴው ወረቀቱን አይቶ ተስማምቷል፤ ቦታው እስከ ጥር ይጠበቅለታል፤ መልቀቂያ ብቻ ያምጣ። አመለወርቅ በራሷ ሐሳብ ያመጣችው ሌላም ነገር ነበር። በአንድ ሊትር የዘይት ጠርሙስ ከደጀን ምንጭ የተቀዳ ውሃ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ውሃ ማለት ይሄ ነው። እስቲ ይቅመሱት።»

ብርጭቆ አመጣሁ። ጫኔ በሁለት እጁ ይዞ ተጎነጨ። ጥቂት አፉ ውስጥ አቆየው። ፊቱን አይ ነበርና ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ምንም አልነበረበትም።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። ስትሄድ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ጣዕም የለውም፣ ትርፌ» አለኝ። «ምንም ጣዕም የለውም።» ቢሆንም ጠርሙሱን አልደፋውም፤ በየቀኑ አንድ ጉንጭ እየጠጣ አሥራ አንድ ቀን አቆየው። በአሥራ አንደኛው ቀን ውሃው አሁን ምን ምን እንደሚለው ጠየቅሁት። «ትንሽ ትንሽ» አለኝ።

እገዳው አልተነሣም። ጥቅምት ላይ ጠየቀ፣ ታኅሣሥ ላይ ጠየቀ፤ ሁለቱም ጥያቄዎች ተመዝግበዋል። አዲስ ወስፋት አልመጣም። ከአመለወርቅ በኋላ ደብተሩ ውስጥ የተጻፈ ስም የለም፤ እሷም ብትሆን እንደ ጠየቀችው ስሟ አልተጻፈም፤ «መምህርት፣ ደጀን፣ አራት ወር» ይላል። ባልዲውን ለሣህሉ መለሰለት። ሣህሉ ግን ግማሹን በጠርሙስ እየቀዳ በላቦራቶሪው በር ያስቀምጥለት ነበር። «ለሚመጣው ወስፋት» ይለዋል። ጫኔ ጠርሙሶቹን እየደረደረ ያስቀምጣቸው ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበቱ ነው አሉ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ታመመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ብዙ አልተናገረም። አንድ ጊዜ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ጥር 11፣ ጥምቀት ነው አልሁት። «ክንፈ ቦታውን እስከ ጥር ነበር ያለው» አለ። ወሩ አልቆ እንደሆነ የጠየቀኝ መሰለኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀራል አልሁት። ጥር 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት አረፈ።

ይህን የምጽፈው በመጋቢት ነው። እገዳው እስካሁን አልተነሣም። ክንፈ ጽፎልኛል፤ ወረቀቱ ላቦራቶሪው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተሰቅሏል፣ ተማሪዎች መሥመሩ የተኛበትን ቦታ አልፈው ሞገዱ የሚመለስበት ላይ ነው የሚጠይቁት ይላል። ስለ ዛፉ አልጻፈም። አመለወርቅን ጠይቄአታለሁ፤ «አለ» አለችኝ። ለሱም በመስከረም እንደዚያው ነግራዋለች። ያየችው መሆኑን ደግሜ ጠየቅኋት። «አላየሁትም፣ እትዬ» አለች።

ያ ማመልከቻ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ በቀይ የጻፍሁትም አለበት። ሁለት ፎቶግራፍ ጠይቄ ሁለት አምጥቷል። አንዱ ማመልከቻው ላይ ተሰክቷል። ሌላውን አውጥቼ ወስጄዋለሁ፤ ከፋይል ወረቀት ሳወጣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ መውጣቱንም በቦታው ጽፌአለሁ። በፎቶግራፉ ላይ በግራ ጆሮው ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። አይቶት የጠየቀኝ ሰው ሁሉ የፎቶው ጉድለት ይመስለዋል። አይደለም። ሰኔ 18 ቀን ነው፤ ከላቦራቶሪ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ጥላሸት ነው።